የጥጃ ምላስ

ለምወድሽና ለምፈራሽ እትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ይዞሻል? ብርድ ሲሆን የሚጠዘጥዝሽ የግራው ነበር የቀኙ? ይኸው ረሳሁት፤ ገና ከመጀመሬ ማጥፋት ጀመርኩ። ዓይንሽስ ደህና ነው? ይህን ያለ መነጽር የምታነቢው ከሆነ ተመስገን፣ በመነጽርም ከሆነ ተመስገን፣ ብቻ አንብቢው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ ኖሬ ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ጤናሽ ስጠይቅ ምን እንደምትይ አውቃለሁ። ደግሞ ዛሬ ምን ፈልጎ ነው ትያለሽ። አልተሳሳትሽም፣ ፈልጌ ነው። እስክደርስበት ድረስ ግን እባክሽ ታገሺኝ።

ስልክ ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ቁጥርሽን ከአሮጌ ደብተር ላይ ፈልጌ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ድምፄን ሰምተሽ ብትዘጊው ከዚያ በኋላ ቀኑን እንዴት እንደምገፋው አላውቅም። ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። ደብዳቤን ለመቅደድም ቢሆን መጀመሪያ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል።

ስለ እኔ ብትጠይቂ ደህና ነኝ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ከዚህ በቀር፣ ከዚያ በቀር ደህና ነኝ ይላል፤ እኔ «በቀር» የሚለውን መዘርዘር ከጀመርኩ ወረቀቱ ስለማይበቃኝ ደህና ነኝ ብዬ ልለፈው። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አውቶቡሷን ነው ያገባሃት እያልሽ ትስቂብኝ አልነበር? ይኸው ፈታችኝ። ቁልፍ ያስረከብኩ ቀን ኃላፊው እጄን ጨብጦ አመሰገነኝና የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ሰዓት! ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሰዓት ሲያባርሩኝ ኖረው፣ የምቸኩልበት ጉዳይ ሲያልቅ ሰዓት ሰጡኝ። ሚስማር ገዝቼ ሰቅዬዋለሁ።

አሁን የምኖረው ከአንድ አናጺ ቤት ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ነው። የእንጨት ብናኝ በበሩ ሥር እየገባ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ጠርጌ ማታ ደግሞ አለ። ሳምንቱን በሙሉ መጋዙ ሲጮህ፣ መዶሻው ሲያስተጋባ ስለሚውል ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል። ጣጣው እሑድ ነው። እሑድ አናጺዎቹ ስለማይመጡ ግቢው ጭር ይላል፣ ያኔ ነው ብቻዬን መሆኔ የሚታወቀኝ። ሰኞ ጠዋት ወጥቼ ባለሱቁን ሳሙና ስጠኝ ስለው ድምፄ የሌላ ሰው ይመስለኛል። አንድ ቀን እንዲያውም ባለሱቁ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ ብሎኛል። አዎ አልኩት፤ ምን ልበለው?

ባለፈው ዓመት ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጬ የድሮ መስመሬን እስከ መጨረሻው ሄድኩ። አዲሱ ሾፌር ፍሬን በያዘ ቁጥር እኔም ወንበሬ ላይ ሆኜ ወለሉን በእግሬ እረግጣለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሲያዩኝ ቆይተው፣ አንተ ያምሃል እንዴ አሉኝ። እኔም ከመስኮቱ ውጪ ማየት ጀመርኩ።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ የድንጋይ አጥር ያለው ግቢ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡሷን ያዞርኩት በዚያ አጥር ሥር ነው። በሩ ላይ «የአገር በቀልና ብርቅዬ ዕፅዋት አፀድ፤ ለሕዝብ ክፍት ነው» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሃያ ሁለት ዓመት አንብቤዋለሁ፣ ሕዝብ የተባለው እኔንም እንደሚጨምር ግን አስቤው አላውቅም። የዚያን ቀን ዝናብ ሲጀምር መጠለያ ፈልጌ ገባሁ።

በሩ ላይ የእኔ እኩያ የሚሆን ዘበኛ አለ። መዝገብ አውጥቶ ፈርም አለኝ፤ ስም፣ የመጡበት ጉዳይ፣ ፊርማ። ጉዳይ በሚለው ሥር ዝናብ ልጽፍ ነበር፤ አፈርኩና ጉብኝት ብዬ ጻፍኩ።

ትልቅ እንዳይመስልሽ። ከእኛ የባቄላ ማሳ ብዙም አይሰፋም። ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ የታጠሩ መደቦች፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ሲያንጠባጥብ የሚውል ቧንቧ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ለችግኝ ማፍሊያ የሚሆን የመስታወት ቤት፣ እሱም አንድ ጎኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተለጠፈ። ከእያንዳንዱ ተክል አጠገብ ታርጋ ተተክሏል፤ ስሙ፣ የተገኘበት ቦታ፣ የተተከለበት ዓመት። ሊጠፋ ለደረሰው ተክል ታርጋው ላይ ቀይ ነጥብ ያደርጉበታል።

እትዬ ሙች፣ ሳቄን መያዝ አቃተኝ! እኔና አንቺ ወገባችን እስኪቆረጥ ስንነቅለው ያደግነው ሁሉ እዚያ ስም ወጥቶለት፣ ውኃ እየጠጣ፣ በድንጋይ ታጥሮ ተንደላቅቋል። በማረሚያ ስናባርረው የኖርነው አረም ባለታርጋ ሆኖ ጠበቀኝ። ብቻዬን ቆሜ በዝናብ ስስቅ አትክልተኛዋ አየችኝ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ የጎማ ጫማ ከእግሯ የማይለይ፣ ቁጥብ ሴት ናት። ምን እንዳሳቀኝ ጠየቀችኝ። ይህችን ላም አትነካትም፣ ይህችን ፍየል አጥር ጥሳም ቢሆን ትበላታለች፣ ይህች ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቅጠሏን ትከድናለች እያልኩ መቀባጠር ጀመርኩ። ከኪሷ ደብተር አውጥታ ጻፈችው። እኔ ያልኩትን! ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው እኔን ጠይቆኝ የሚያውቀው ይሄ አውቶቡስ ገበያ ይሄዳል ወይ ብሎ ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን እሄዳለሁ። አባባ ሾፌሩ ትለኛለች። ገና ከሩቅ ስታየኝ፣ አባባ ሾፌሩ ዛሬ ምን አስታወሱ ትለኛለች። እኔም ከዋዜማው ጀምሬ የምነግራትን ስመርጥ እውላለሁ፤ ሁሉን በአንድ ቀን እንዳልጨርሰው እየቆጠብኩ። ዘበኛው መዝገቡን ብቻህን ጨረስከው እያለ ይቀልድብኛል። አንድ ቀን ወደኋላ ገለጥኩት። ገጹ ሁሉ የእኔ ፊርማ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ የትምህርት ቤት ልጆች ቡድን ይላል። ሌላ ቀን ደግሞ ልጆቹን ያመጣች መምህርት የግቢው ሠራተኛ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ውሸት ነው፣ ግን አዎ ማለት እንዴት ደስ ይላል እትዬ! ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ያ ግቢ ለእኔ ምን እንደሆነ እንድታውቂልኝ ነው። አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ከአምስት ሳምንት በፊት አትክልተኛዋ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ሄደች። ከመሄዷ በፊት ከመስታወት ቤቱ አንዳንድ ችግኝ አውጥታ ከቤቱ ጀርባ ባለው መደብ ላይ ተክላ ነበር። ታርጋቸው ገና እየተጻፈ ስለነበር ያለ ታርጋ ነው የተወቻቸው። ይህን እኔ በምን ልወቅ? ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ። ከበሩ ዘበኛ በቀር ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ዛሬ ምን አስታወሱ የሚለኝም የለም። እጄን ወደኋላ አጣምሬ ዞር ዞር ስል ከአንድ ነጭ አበባ አጠገብ ማንን ባይ ጥሩ ነው? የጥጃ ምላስ!

መቼም አትረሺያትም። ያቺ ቅጠሏ እንደ ጥጃ ምላስ የሚሻክረው፣ ባቄላውን አንቃ የምትይዘው፣ ስትነቀል እርጥብ ብረት የምትሸተው። ስንቱን ክረምት ከእሷ ጋር ስንታገል አሳለፍን! አንቺ በአንዱ ትልም፣ እኔ በሌላው፣ እናታችን ከበስተኋላ እየተከተለች የተረፈውን ስትለቅም። አንቺ ሁልጊዜ ትቀድሚኝ ነበር፤ ትልሙ ጫፍ ላይ ደርሰሽ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂኛለሽ፣ እኔ ስደርስ አንቺ ትነሺና ሌላውን ትጀምሪያለሽ፣ እኔ መቼ እንደማርፍ ማንም አይጠይቅም።

ልጅቷ ዘወር ብትል አረም ገባባት አልኩ በልቤ። ልረዳት ነው እንጂ ልጎዳት አልነበረም፣ ይህን እመኚኝ። ተመልሳ መጥታ መደቡ ጸድቶ ስታገኘው ማን አደረገው ትላለች፣ ዘበኛው አባባ ሾፌሩ ናቸው ይላታል፣ ይህን ነበር የማስበው። ተንበረከክሁ። እጄ ራሱ አስታወሰው። ከአንገቷ ሳይሆን ከሥሯ ይዞ፣ ጠምዘዝ አድርጎ፣ ሳይቸኩሉ መሳብ። ሥሩ ተበጥሶ መሬት ውስጥ ሲቀርብኝ በማረሚያው እጀታ እጄን ትይኝ አልነበር? አሁን ብታይ ትኮሪብኝ ነበር፤ እንደ ነጭ ክር ረዝማ አንድ ጭራ ሳትጎድል ወጣች። ከዚያ እንደ ደንባችን፣ ተመልሳ እንዳትይዝ ሥሯን ወደ ፀሐይ ገልብጬ ድንጋይ ላይ አሰጣኋት። እጄን ቧንቧው ሥር ታጥቤ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ ስመለስ አትክልተኛዋ መጥታለች። ከመስታወት ቤቱ ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጣ የደረቀችውን የጥጃ ምላስ በመዳፏ ይዛ አገኘኋት። አጠገቧ አዲስ የተጻፈ ታርጋ ተጋድሟል፤ ቀይ ነጥቡ አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። ክው አልኩ። ምን ሆነሽ ነው አልኳት። የአረም መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ይህ ተክል ከየማሳው እንደጠፋ፣ ስድስት ዓመት ስታፈላልግ ኖራ በመጨረሻ ከአንዲት ሴት አሮጌ የባቄላ ዘር ውስጥ የተቀላቀለ ሦስት ፍሬ እንዳገኘች፣ ከሦስቱ የበቀለችው ይህች አንዷ ብቻ እንደሆነች ነገረችኝ። ዘንድሮ አብባ ዘር ልትሰጣት ነበር። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እኔስ ምን አልኩ መሰለሽ? ማን ይሆን አልኩ። እትዬ፣ ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። ከንፈሬን መጥጬ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ፣ ማን ይሆን አልኩ።

ሰኞ ስሄድ ዘበኛው ፊቱ ጠቁሮ ቆየኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተውታል። ረቡዕ ዕለት የትምህርት ቤት ልጆች መጥተው ስለነበር እነሱ ናቸው የነቀሉት፣ አንተም አልጠበቅህም ብለውታል። ከእንግዲህም የትምህርት ቤት ቡድን እንዳይገባ ተወስኗል። ሰውዬው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም። ወረቀቱን ደጋግሞ እያጠፈ እየዘረጋ ያሳየኛል። እኔም አይዞህ አልኩት። በገዛ አፌ አይዞህ አልኩት!

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ወደ አፀዱ ድርሽ አላልኩም። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ መጋዙን አዳምጣለሁ። ያስፈራኝ ቅጣት አይደለም፤ በዚህ ዕድሜዬ ማን ምን ያደርገኛል? ከተናገርኩ ዛሬ ምን አስታወሱ የሚለኝ ሰው አይኖርም፣ የፈራሁት እሱን ነው። ካልተናገርኩ ደግሞ ያ ሰው ደብዳቤውን እንዳጠፈ እንደዘረጋ ይኖራል። ይህን የማማክረው አንድ ሰው ቢኖረኝ ብዬ አሰብኩ፣ የመጣልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። አጠገቤ ብትኖሪ ምን እንደምትዪኝም አውቀዋለሁ፤ ተነስና ሂድ ትይኝ ነበር።

በአሥረኛው ቀን ተነስቼ ሄድኩ። መዝገቡን አምጣ አልኩት ዘበኛውን፣ የመጡበት ጉዳይ በሚለው ሥር ጥፋቴን ለመናገር ብዬ ጻፍኩ። አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። መንገዱን ለቀቀልኝ።

አትክልተኛዋ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሥሩን ሳልበጥስ እንዴት እንዳወጣሁት ነው። እሷ ከችግኝ ሳጥኑ ወደ መሬት ስታዛውራት ጫፏን በጥሳ ስንት ቀን እንደተጨነቀች ነገረችኝ። እህቴ ናት ያስተማረችኝ አልኳት። የት ነው ያስተማረችዎት አለችኝ። እናታችን ማሳ ላይ አልኳት። ይህን ጊዜ ደብተሯን አወጣች። ተክሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው አለችኝ። ሰባት ዓመት ይሆናል፣ ከቦዩ ጀምሮ እስከ ድንጋዩ ክምር፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሞልቶ ነበር አልኳት። እጇ ቆመ። ሌላው ዘንድ ሁሉ ሲጠፋ እናንተ ዘንድ ምን አበዛው አለችኝ።

እትዬ፣ ምን እንዳበዛው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለማ። የሚያርም ሰው ስላልነበረ ነው አልኳት። እህቴ አራት ዓመት ሙሉ እናታችንን አልጋ ላይ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ በማንኪያ ስታጎርስ ማሳ ለማረም ፋታ አልነበራትም አልኳት። እኔም አልነበርኩም አልኳት። ሽማግሌ ሰው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ባልዲ ላይ በተቀመጠች ሴት ፊት አለቀስኩ።

ለባዕድ የተናገርኩትን ለአንቺ ሳልናገር ሰባት ዓመት ሆነኝ። በእናታችን ቀብር ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። እኔም አንዲት ቃል ሳትጎድል አስታውሳለሁ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ማሳውን በጣቴ እያሳየሁ፣ ይህን ቤት በአረም አስበላሽው፣ እሷንም እንዲህ ነው የያዝሻት ማለት ነው አልኩሽ። አንቺ ኮቴን ከመስቀያው አውርደሽ በእጄ ሰጠሽኝና በሩን ዘጋሽው። ያን ጊዜ ትዕቢት መስሎኝ ለሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ። ግን እትዬ፣ ኮቱን ስትሰጪኝ ጣቶችሽ ከውኃና ከሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቀው ነበር። አሁን ነው ያስታወስኩት ብዬ አልዋሽሽም። ያን ዕለት አይቼዋለሁ። እያየሁ ነው የተናገርኩት። ይቅር በዪኝ።

ሌላም አለ። ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ አንድ ወረቀት አለ፤ የተቀጠርኩበት ቀን፣ የነዳሁባቸው መስመሮች፣ ያላደረስኩት አደጋ። ከታች በኩል ደግሞ ስለ ዓመት ዕረፍት የሚናገር አንድ መስመር አለው፤ ሠራተኛው በእነዚህ አራት ተከታታይ ዓመታት ዕረፍት አልጠየቀም ይላል። ዓመቶቹንም ጽፈዋቸዋል። አልተፈቀደለትም አይልም፣ አልጠየቀም ነው የሚለው። በእነዚያ ዓመታት በየወሩ ስትደውዪልኝ፣ ዕረፍት ከለከሉኝ እያልኩ አለቆቼን እንዴት አድርጌ እረግምልሽ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አጥፌ አስገብቼዋለሁ። ማንም አላየውም። እኔ ዘንድ መቀመጡ አስጠልቶኛል፣ አንቺ ያሻሽን አድርጊው።

የዘበኛው ማስጠንቀቂያ ተነሥቶለታል፣ ልጆቹም መምጣት ጀምረዋል። እኔንም አትግባ ያለኝ የለም፤ መደብ እንዳልነካ ብቻ ተነግሮኛል። እየሄድኩ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። አትክልተኛዋ ሰላም ትለኛለች፣ ውኃ ጠጡ ትለኛለች፣ ክፉ ሴት አይደለችም። ዛሬ ምን አስታወሱ ግን ብላኝ አታውቅም። ሰዓቱ ሲደርስ ተነስቼ በአውቶቡስ እመለሳለሁ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ። አትክልተኛዋ በዚያ ማሳ ዳር አንዲት የጥጃ ምላስ እንኳ ተርፋ ከሆነ ዘሩ ሊገኝ ይችላል ብላለች። ፍሬው ቡናማ ሲሆን ነው የሚለቀመው፤ ከዚያ ካለፈ ፈንድቶ ይበተናል፣ ቀሪው ጊዜ ቢበዛ አራት ሳምንት ነው። በወረቀት እንጂ በላስቲክ አይያዝም። ቦዩ ዳር እዪልኝ፣ የድንጋዩ ክምር ሥር እዪልኝ፣ ከቤቱ ኋላ ውኃ የሚፈስበት ጋ እዪልኝ። ዕድሜ ልኬን ጉብዝናሽን ሳደንቅ ኖሬ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰንፈሽ እንድትገኚ እየጸለይኩ ነው።

ግን አውቅሻለሁ እትዬ። በሩን ከዘጋሽብኝ ማግስት ማረሚያውን ይዘሽ ወጥተሽ ይሆናል። በእኔ ቃል ተቃጥለሽ፣ እያለቀስሽ፣ ከቦዩ እስከ ደጃፉ አንድ በአንድ ነቅለሽ፣ ሥራቸውን ወደ ፀሐይ ገልብጠሽ ጨርሰሻቸው ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ከሰባት ዓመት በፊት። ይህን ለአትክልተኛዋ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ከአንቺ ልስማ ብዬ ነው።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። ደጅሽ ሰው አይጣ፤ ስትጠሪ አቤት የሚልሽ፣ ስትደክሚ የሚያቀናሽ ፈጣሪ አያሳጣሽ። ለእናታችን ያደረግሽውን እሱ በእጥፍ ይክፈልሽ፣ እኔ የምከፍልበት አቅም የለኝም።

ከዚህ ጋር አድራሻዬን ጽፌ ቴምብር የለጠፍኩበት ፖስታ አለ። ለዘሩ ነው ብዬ ነበር የገዛሁት። እውነቱን ልንገርሽና፣ ዘሩ በፖስታ እንዲመጣልኝ አልፈልግም። መጥቼ አንቺ በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው ዳር አጎንብሰን ብንፈልገው ነው የምወደው። ባይገኝም ይሁን። ና ካልሽኝ ና ብለሽ ጻፊልኝ። አትምጣ ካልሽም ጻፊልኝ፣ አልቀየምሽም። ሁለቱንም መጻፍ ከከበደሽ ፖስታውን ባዶውን አሽገሽ ላኪው። በእጅሽ እንዳለፈ አውቃለሁ፣ እሱም ይበቃኛል።

ታናሽ ወንድምሽ